የጋራ ቆጣሪ

የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ፤ መዝገቡም እጄ ላይ፤
ብሎክ ዐሥራ አንድ፣ ጅማ፣ ከአዌቱ ወንዝ በላይ።
ሃያ አራት ቤት አለን፤ ሃያ አራት ቁልፍ፣ ሃያ አራት ባልዲ ቆሻሻ፣
የጋራችን ግን አንዲት ቆጣሪ፤ የየወሩ መካሰሻ።
የምትቆጥረው የደረጃውን አምፖል፤ ቀን ቢበራ የሚያጠፋው የለም፣
ማብሪያው ከተሰበረ ቆየ፤ ሁሉም ይላል፦ «የኔ አይደለም።»
ደግሞም ያንን አሮጌ ሞተር፣ ሌት ሲያጓራ የሚያድረውን፣
ውኃው ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርስ፣ ብራችንን የሚጠጣውን።

በሚያዝያ አንድ ወጣት መጣ፤ እግሩ ጭቃ ተጫምቶ፣
«ነስሩ አባ ኦሊ እባላለሁ» አለ፣ ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ።
«ሞተሩን ለውጡ፤ አምፖሉን ቀይሩ፤ የጣራውን ሥር ልበጡት፣
ከመቶው ስድሳው በኛ ነው፤ አርባውን ከምትቆጥቡት፣
በሁለት ዓመት፣ ቀስ እያላችሁ ክፈሉት።
ግን ፊርማ እፈልጋለሁ፤ የሃያ አራቱንም ባለቤት፣
አንድ ከጎደለ፣ ገንዘቡ ያልፋል ወደ ቀጣዩ ጎረቤት።»

ጋሽ ወልደሰንበት ተነሱ፦ «ከጀርባው ያለው ምንድን ነው?
ዛሬ ሞተር የሚሰጥ ሰው፣ ነገ ቤቱን ሊወስድ ነው!»
ቢሆንም ፈረሙ። መጀመሪያ በእርሳስ፤ በማግስቱ በእስክሪብቶ።

ሃያ ሦስት ሞላ። የቀረው አንድ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ፣
ከቆርቆሮው ሥር፤ ውኃ የማይደርስበት፣ ሙቀት የማይርቅ።
እዚያ ያለችው ትርፌ ናት፤ የሆስፒታሉ አንሶላ አጣቢ፣
ልትፈርም ስትል እጇን ያዝኩ፦ «ተከራይ ነሽ፤ ደንቡን አንብቢ።»
ባለቤቱ አጋሮ ናቸው፤ ብደውል ቀጭን ሳቅ ሳቁ፣
«እፈርማለሁ፤ ግን ቤቴ ሲታደስ፣ ኪራዩም ይታደሳል፤ ይወቁ።»
ዝም አልኩ።
ሃያ አራተኛው ፊርማ በዝምታዬ ቀለም ተጻፈ።

ነስሩ የድሮ ደረሰኝ ጠየቀኝ፤ «መነሻውን ልወቅ» ብሎ፣
ወለሉ ላይ ዘረጋነው፣ የሦስት ዓመት ሒሳብ ተቀጥሎ።
«እዚህ ጋ፣ ካምና ኅዳር ወዲህ ወርዷል፤ ምን አደረጋችሁ?» አለኝ።
«ምንም» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ምንም።
ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ።

በነጋታው፣ ከመጀመሪያው አዛን ጋር፣ በሬን ገርበብ አድርጌ አየሁ።
ትርፌ ወደ ሥራ ስትወርድ፣ ጣቶቿን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ፣
የየፎቁን አምፖል፣ እንደ ጋለ ድንች፣ አንድ ዙር ታላላለች፤
ማታ ስትመለስ ደግሞ አንድ ዙር ታጠብቃለች።
«የሚያጠፋው የለም» ብያለሁ ከላይ። ይሰረዝልኝ፤ ተሳስቻለሁ።

ነስሩን ጠየቅሁት፦ «ይኸስ ስንት ይታሰባል?» ወረቀቱን ገለባበጠ፣
«ለዕቃ እንጂ ለሰው ዓምድ የለውም» አለኝ፤ ተክዞ ተቀመጠ።

በሰኔ አዲሱ ሞተር መጣ፤ ድምፁ የድመት እንቅልፍ፣
አምፖሎቹም እግር የሚሰሙ፤ በርተው የሚጠፉ፣ ሰው ሲያልፍ።
አራተኛ ፎቅ ውኃ ወጣ፤ ጣራውም ከሥሩ ተለበጠ፣
ኪራዩም በዚያው ሳምንት ወጣ፤ አወጣጡ ውኃውን በለጠ።

አንድ ማለዳ ትርፌ ፍራሿን ተሸክማ ወረደች።
ኮቴዋን ሰምቶ አራተኛው ፎቅ በራ፤
ሦስተኛው በራ፤ ሁለተኛው በራ፤
እንደ ክብር ዘብ፣ ተራ በተራ።
በልማድ እጇ ወደ ግድግዳው ተዘረጋ፤
የሚላላ ነገር አላገኘም።
ወጣች፤ ደረጃው ከኋላዋ ጨለመ።

የሐምሌ ሒሳብ መጣ፤ በግማሽ ወርዷል። ጎረቤት አጨበጨበ።
መዝገቤን ከፈትኩ፤ ወጪ፣ ገቢ ብዬ አሰመርኩ፤
ከታች «ትርፍ» ብዬ ልጽፍ፣
እጄ ሳተና «ትርፌ» ብሎ ጻፈ።

አልሰረዝኩትም።