ከቃለ ጉባኤው የቀረ

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤
የተባለውን እንጂ የሆነውን አልጽፍም።
ስለዚህ የቅዳሜው መዝገብ ይህን ብቻ ይላል፦
አጀንዳ አንድ፣ የጣራው ቆርቆሮ ያፈሳል።
አጀንዳ ሁለት፣ የእንግዳ አቀባበል ይሻሻል።

ሁለተኛው ሦስት ሰዓት ፈጀ።
ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ደፈነ፣
ሻዩ በየፊታችን ቀዝቅዞ ውሃ ሆነ።
ሽማግሌው ልሳኑ "በር ላይ የሚቆም ይመደብ" አሉ፣
ወይዘሮ ዘርፈሽዋል "ፈገግ የሚል ይሁን" ሲሉ
ሁሉም ፈገግ ሳይል ተስማማ።
ኮሚቴ ተቋቋመ፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፤
ለፈገግታ ገንዘብ ያዥ ለምን እንዳስፈለገ አልተመዘገበም።

በማግስቱ የጌታ እራት እሑድ ነበር።
ከቧንቧ ውሃ የሚያወጣውን ዳገት ጭቃ ውጦት፣
ባጃጁ ዳር ቆሞ፣ ምእመኑ ጫማውን በእጁ ይዞት፣
ዘበኛችን እንድሪስ ከሱብሂ ሶላት መልስ
እንደ ወትሮው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቷል፤
ኮሚቴ መቋቋሙን የነገረው የለም።

በዚያ በር አንድ ሰው ገባ።
ካፖርቱን በሲባጎ ወገቡ ላይ ያሰረ፣
ቦሩ ሜዳ ታክሞ፣ ድኖ፣ እዚያው የቀረ።
ሐኪም "ነጻ ነህ" ብሎታል፤ ሰው ገና አላለውም።
ደዌው ጣቶቹን ወስዶ መዳፉን ትቶለታል።
"አሊጋዝ እባላለሁ" አለ፣ እጁን ሳይዘረጋ፤
የሰውን እጅ ከጭንቅ ማዳን የለመደ ሰው ነው።

የኋላው አግዳሚ ላይ፣ ጣራው ከሚያፈስበት ሥር ተቀመጠ።
አጀንዳ አንድና አጀንዳ ሁለት ተገናኙ።
በቀኙ ከራያ የተፈናቀሉት እናት፣
መዝሙሩን ሁሌ አንድ ስንኝ ዘግይተው የሚይዙት፤
በግራው ከኮምቦልቻ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ወጥታ
እንቅልፏን በአሜን የምታባርር ትርንጎ።

ዳቦውን በሁለት መዳፉ ተቀበለ።
ጽዋው ሲደርስ ግን፣ ትሪው ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች
አውራ ጣት የማያህሉ፣
ቆንጥጦ ለሚያነሳ የተሠሩ።
ጸጥ አለ። ጠብታው ብቻ ባልዲው ውስጥ ይቆጥራል።
ሽማግሌው ልሳኑ ትሪውን ታቅፈው ቀሩ፤
ቅዳሜ አራት ገጽ የሞላው ንግግራቸው
አንዲት ቃል እንኳ አላበደራቸው።

ትርንጎ ብድግ ብላ ወጣች።
የእንድሪስን ኩባያ ልትዋስ፣ ያንን ሰማያዊ፣ ጠርዙ የተሸረፈ።
"ወይን ነው?" አላት።
"የዘቢብ ጭማቂ ነው።"
ሰጣት።

የራሷን ብርጭቆ ገለበጠችበት።
የራያዋ እናት ጨመሩ፣ ከፊት ያለው ተማሪም።
ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አልጨመሩም፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተንቀጠቀጠ።
አልፈርድም። እኔም ቆይቼ ነው።
አሊጋዝ ኩባያውን በመዳፎቹ መሀል ይዞ
እንደ ጥም ሳይሆን እንደ ትዕዛዝ፣ በቀስታ ጠጣ፤
ቀሪው ወደ እኔ መጣ።

እውነቱን ልናገር፦ ከንፈሩ የነካውን ጠርዝ
ፈለግሁ፣ ልሸሸው።
ግን ኩባያው እንደዚያ ተሸራርፎ
የሚያስጠጣው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

ከተማችን አይጠየፍ የሚባል አዳራሽ አላት።
ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠራው ኖሬያለሁ፤
ለካ ስም መጥራት ቀላል ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ መዝገብ እነሆ፦
ጣራው ለሌላ ቀጠሮ ተላለፈ።
ለዘበኛው ምትክ ኩባያ ይገዛ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።
እንድሪስ ሲነገረው ሳቀ፦
"አዲሱን እናንተ ውሰዱት፣ የኔን መልሱልኝ።"
ይህም አልተመዘገበም።

አሊጋዝ አሁንም እዚያው ነው የሚቀመጥ።
ባልዲው ሲሞላ ተነስቶ ይደፋል፤
ማንም አልመደበውም።