ጥርስ ባዳ

ማክሰኞ ነው፣ ግራዝ፤ ከታች ትራም አለፈ፤
የመሣሪያው ሳህን በስሱ ተርገፈገፈ።
ሌኦኒ ተጋድማ አፏን ትከፍታለች፤
ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ዳቦ ቤት ትሸጣለች።
«ቀዝቃዛ ውኃ» አለች፣ «እንደ መርፌ ይወጋኛል፤
ሻዩም፣ አየሩም፣ ትንፋሼም ያመኛል።»

ዶክተር ፕራስል አጎንብሳ፣ እኔ መምጠጫውን ይዤ፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ጥርሷን አየሁ ተክዤ።
«ምን አደረግሽው?» ስንላት፣ ስልኳን አወጣች ከኪሷ፤
ሃያ ሁለት ሰከንድ ነው፤ ሰውየው ይስቃል ለእሷ።
ከሰል ወቀጠ፣ ሎሚ ጨመቀ፤
«ሐኪም የደበቀው!» አለና ጥርሱ እንደ ሳህን ደመቀ።
ሁለት ሚሊዮን ልብ ከሥሩ ተደርድሯል፤
ልቡስ ይሁን፣ ጥርሱን ማን አይቶ መስክሯል?
አርባ ቀን ሙሉ ፈተገች፣ ጠዋት ማታ፣
እንደ ጠቆረ ድስት ቂጥ፣ ሳታርፍ፣ ሳታመነታ።

የኛ ሰው «ጥርስ ባዳ ነው» የሚል፣ እያዘነ ለሚስቅ ነበር፤
የዚህኛው ባዳነት ግን ሌላ፦ በሙጫ የቆመ የሸክላ አጥር።
ዶክተሯ አሳየቻት፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ፦
«ድዱን ተመልከቺ፣ እዚህ፣ መገጣጠሚያው ጋ።»
ሎሚ አልነካው። ከሰል አያውቀው።
ሌኦኒ ልትስቅ ነበር፤ አየሩ አመማት፣ ተወችው።

ፍሎራይድ ቀባናት። «ያለቀው አይበቅልም፣
የቀረውን ጠብቂ።» ሌላ ቃል አልነበረንም።

እኛም ቪዲዮ አለን፦
«ለስላሳ ብሩሽ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሁለት ደቂቃ።»
አሥራ አንድ ሰው አይቶታል፤ አንዷ እኔ፣
አንዷ የዶክተሯ እናት፣ ወንበር ላይ አሸልባ፣ ነቅታ።
ማታ ትራም ውስጥ ከፈትኩት።
አሥራ ሁለት ሆኗል።