ባሊላዋ

የብስኩት ቆርቆሮ፣ ክዳኑ የዛገ፣
የአዳማን አቧራ ሸማ ያደረገ፤
ስከፍተው ጮኸብኝ። አባቴ እዚያ የለም፤
ያየው ነው ያለበት። ፎቶ አንሺ አይነሳም።

ያለችው ባሊላ ናት፦
ጥቁር፣ ዓይኗ ክብ፣ አንድ ፓራፋንጎ የሌላት፣
ጣልያኑ ሊሄድ ሲል
ወርዶፋ በሁለት ወይፈን የገዛት።
መኪና ትባል እንጂ ብዙ መንገድ አታውቅም፤
ወንጂ ደርሳ ከመጣች ሳምንቱን አትነሳም።
ታዲያ ሥራ አታጣም።

በአንዱ ፎቶ ላይ የኋላ እግሯ በድንጋይ ተነስቶ፣
ጎማዋ ወልቆ፣ ቺንጋ ከቼርኪዋ በመስኮት ገብቶ፣
ወፍጮ ታዞራለች።
ደጁ ሰልፍ ነው፤ ያልመጣ የለም፣
ቁና የያዘ፣ ስልቻ የተሸከመ፣ አህያውም።
ሎሚቱ ዱቄት ለብሳ፣ ቅንድቧ ሳይቀር ነጥቶ፤
ወርዶፋ ከመሪው ኋላ፣ አፉ እንደተከፈተ ቀርቶ።

ምን እያለ ይሆን?
ሎሚቱን ጠየቅኋት። ሰማንያን አልፋለች፣
ጆሮዋ ደክሟል፣ ፎቶውን ግን ትሰማለች፦
"‘ለበቆሎ ሁለተኛ ማርሽ፣ ለጤፍ ሦስተኛ ነው፤
ጤፍ ያላችሁ ቆዩ!’ እያለ እኮ ነው።"

ሌላው አዋሽ ዳር ነው። ውኃ ትስባለች፣
ሽንኩርት ታጠጣለች።
ኮፈኗ ለብቻው ሥራ ይዟል፣ ሜዳ ላይ፤
በርበሬ ተሰጥቶበት፣ ለጠዋቱ ፀሐይ።
ደግሞ ሌላ፦ ቤንዚን አልቆ፣ ከገበያ መልስ፣
በሬዎች ቀንበር ገብተው ሲጎትቷት፣ እስከ ደጇ ድረስ።
ሎሚቱ ትስቃለች፦ "የተሸጡት ወይፈኖች ወንድሞች ናቸው፤
‘የወንድሞቻችሁ ዋጋ ናት፣ ጎትቱ!’ ይላቸው።"

ከሥር፣ ከሁሉም ሥር፣ አንድ ጥቁር አለ።
ጥቁር ብቻ። መሀሉ ላይ ሁለት ነጭ ክብ፣
የመስኮት ጠርዝ የሚመስል ነገር።
የተበላሸ ነው ብዬ ስንቴ ልጥለው ነበር።
ከጀርባው፣ በአባቴ እርሳስ፦
"ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት። ባትሪው አለቀ።"

ለሎሚቱ ሰጠኋት።
ከዓይኗ አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ገለበጠችው፤
ከዚያ እንደ ሰው ፊት በነጠላዋ ጠረገችው።

"ክረምት ነው። ናዝሬት ጭቃ ናት። እናትህን ምጥ ይዟታል።
ፋኖሱ ጋዝ የለው፤ ሱቁም ዘግቷል።
አዋላጇ ሻሼ ‘እጄን እንኳ ልየው!’ ብላ ጮኸች።
ወርዶፋ ባሊላዋን በትከሻው ገፍቶ፣
አፍንጫዋን ከመስኮቱ አስጠግቶ፣
መብራቷን ለቀቀው። ቤቱ ቀን ሆነ።
እህትህ በብርሃን ወጣች፣ ጥፍሯ ሳይቀር እየታየ።
አንተ ዘገየህ። መብራቱ ቢጫ፣
ከዚያ ቀይ፣
ከዚያ የለም።
አንተን በዳበሳ ነው የተቀበልንህ።
አባትህ? ወንድ አይገባ። የሚይዘው አጥቶ
ዝናብ ላይ ቆሞ፣ ያቺን ካሜራ ያንቀጫቅጫል።"

መንታ መሆኔን፣ በሩብ ሰዓት ማነሴን አውቅ ነበር፤
ስለ ባትሪው ግን የነገረኝ አልነበር።
እህቴ መብራት ኃይል ገብታ፣
ቆጣሪ ስታነብ ኖራ ወጣች በጡረታ።
እኔ አርባ ዓመት ጨለማ ክፍል ውስጥ፣
በአንዲት ቀይ አምፖል፣
ወረቀት ከመድኃኒት ሳወጣ፣
የሰው ፊት ቀስ ብሎ ሲመጣ
ስቀበል ኖርኩ፣ በዳበሳ።

ባሊላዋ?
በመጨረሻው ፎቶ የዶሮ ቤት ናት፤
መሪዋ ላይ አውራ ዶሮ ቆሟል፣ ሹፌር መስሎ፣
ደረቱን ነፍቶ፣ መንገዱን በንቀት እያየ።

ጥቁሩን አሳድጌ ከመስተዋቱ አጠገብ ሰቀልኩት።
ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሁሉ፣
ፀጉሩን ሲያበጥር ያየዋል።
"ይሄኛው እንኳ ተበላሽቷል" ይለኛል።
"አዎ" እላለሁ።
"አገጭህን ቀና።"