ቢጫው ረድፍ

ላፕቶፔን አንግቤ፣ ከማድሪድ ተነሥቼ፣
ዲዛይን ነው ሥራዬ፣ ጥያቄ አዘጋጅቼ፣
ጋሊሲያ ወረድኩ፣ ከዓሣ ወደቡ፣
ሌሊት ከሚጫረቱ፣ ጎሕ ሲቀድ ከሚያስቡ።

«ይህን ኤክሴል» አሉኝ አለቆቹ፣ «አፍርሰህ ጣልልን፣
ደህና ሶፍትዌር በምትኩ ትከልልን።
አንዲት ጸሐፊ ናት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለጣጠፈችው፤
ጡረታ ስትወጣ ማን ሊፈታልን ነው እሷ የቋጠረችው?»

ኤርሚንያ ነው ስሟ። ጣቶቿን ጨው የበላት፣
የመነጽሯ እግር በመረብ ክር የታሰረላት።
«እኔ ፕሮግራም አልችልም» አለች፣ ወንበር ሳበችልኝ፤
«ሒሳብ ነው የጻፍኩት።» ፋይሉን ከፈተችልኝ።

አርባ ዓምድ።
ፎርሙላ ፎርሙላን ሲጠራ፣ ያም ሌላውን ሲጠራ፣
እንደ ደቦ ሰው፣ በየስሙ፣ በየተራ።
የሰሜን ነፋስ ሲነሣ አንዱ ሣጥን ይቀላል፤
ሳርዲን ሲትረፈረፍ ሌላው መነሻ ዋጋ ይጥላል።
እኔ «ሞዱል» የምለውን እሷ «ጓዳ» ትለዋለች፤
የማይነካውን ቆልፋ፣ የሚነካውን ገርበብ አድርጋ ትታለች።
ማን አስተማራት?
ማንም። በሠራችው ቤት ውስጥ ራሷ ስለምትኖር ነው።

ከታች ግን አንድ ረድፍ፣ ቢጫ፣ ያለቦታው፤
ከየጀልባው ዓሣ ሦስት ሦስት ኪሎ የሚቆርጠው፣
ዶሲንዳ ለምትባል፣ ጀልባ ለሌላት፣ መዝገብ ላይ ለሌለች።
«ስሕተት አገኘሁ!» አልኩ።
ኤርሚንያ ዝም አለች።

ቆይታ፦
«ባሏ የሰመጠ ለት ባለጀልባው ሁሉ ማለ፤
በቃል ነበር። ቃል ደግሞ በሦስተኛው ወር ላላ፣ ዋለለ።
እዚህ አስገባሁት። ፎርሙላ አያፍርም፣ አይረሳም፤
አሥራ አንድ ዓመቱ። ያወቀ ሁሉ ዝም ብሏል፣ ማንም አያነሣም።»

ያን ሌሊት ሆቴል ተቀምጬ ንድፌን ገለጥኩት።
ሠላሳ ገጽ መስፈርት። ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት።
ዶሲንዳ የለችም።
ለካ ባለቤቷን ሳልንቅ፣ አጥሯን ነቅንቄ ኖሯል።

አዲሱ ሲስተም አለቀ። አለቆቹ ሊያዩት መጡ፤
«ይህ ባዶ ስፍራ ምንድን ነው? ገንዘብ ከፍለን!» ብለው ተቆጡ።
«በር ነው» አልኩ። «ወዴት እንደሚያስገባ እኔ አላውቅም።
የሚያውቅ አለ።»

ኤርሚንያ ተቀመጠች። በሁለት ጣት ነካክታ፣
መስመር ጨመረች፤ ሰረዘች፤ ደግሞ ጥቂት ቆይታ፣
በመነጽሯ በላይ አየችኝ፦
«ቢጫ የት ነው ያለው?»