ሁለት ጣት ጨምሪ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ካስናቀ መደብር፣
አሮጌ መጽሔት አገላብጣለሁ ደሞዝ በወጣ ቁጥር።
«ምኑን ነው የምትፈልጊው?» ይለኛል አስናቀ፣
«ገዝተሽ ትሄጃለሽ ሽፋኑ ያለቀ፣
ቋንቋው የማይገባሽ፣ ዘመኑ የራቀ።»

ምኑን ነው የምፈልገው?
እስቲ ልንገረው።

ሽፋኑ ላይ ያለው አልጋ ልብስ፣ ፀሐይ ላይ የተዘረጋው፣
ካንድ ሺህ ቁራጭ ተለቅሞ ክር ያዋደደው፣
በኛ ቤት ስሙ ድሪቶ ነው፤
ለብሶት የወጣ ሰው
ሰላምታ እንኳ የሚያጥረው።
እዚያ ግን አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ወጥቶ፣
በዶላር ተተምኖ፣ ማዕረግ ተሰጥቶ፣
ይሽኮረመማል እንደ ሙሽራ ያው የኛው ድሪቶ።

ጋሽ ሳህሌ፣ አለቃዬ፣ የፒያሳው ልብስ ሰፊ፣
«ለድሪቶ ደግሞ መጽሔት!» ይለኛል፤ «ልፊ ቢልሽ፣ ልፊ!»
ይሳቅ።
የሚዜ ሱፍ፣ የተማሪ ካኪ፣ የባንክ ጥበቃ ገበር፣
ሲመሽ እየጠረግሁ የለቀምኩት ከሱ መቀስ ሥር፣
ከረጢቴ ሞልቶ ታክሲ ላይ የሰው ጉልበት ሲገፋ፣
«የዕቃ ሒሳብ!» ይላል ረዳቱ፤
አልጋ ልብስ ነው፣ ያልተሰፋ።

የምሻው ብዙ አይደለም፤ ቢቆጠር ጥቂት ነው፦
ልኩን በጣት፣ በስንዝር፣ በክንድ እንዲነግረኝ ነው፤
ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጀርባውን እንዲያሳየኝ ነው፤
የተቋጠረውን፣ የተዝረከረከውን፣
ከካሜራ የተሸሸገውን የጨርቁን ገበናውን።
ፊትማ ለእንግዳ ነው፤
መስፋት ለሚማር ሰው መምህሩ ውስጡ ነው።

መብራት ሲጠፋ፣ መኪናው መሐል ስፌት ላይ ቆሞ፣
መርፌው ጨርቁን እንደ ነከሰ፣ ምን ይደረጋል ደግሞ?
ይህን የሚመልስ አንድ ገጽ፣ አንድ መስመር ባገኝ!
ቀዩ ቀለሙን ለቆ ነጩን ጎረቤቱን ሲያጠቃብኝ፣
በጨው ነው? በኮምጣጤ ነው? ማን ነው የሚነግረኝ?
እነሱ ግን ይጽፋሉ (ዘርፌ ናት ያነበበችልኝ)፦
«በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያልቃል፤ ቀላል ነኝ፤ ሞክሪኝ።»

አንድ ቅዳሜና እሁድ!
የኔው ሁለት ክረምት በላ፤ አሁንም ዳር ዳሩን ሲሄድ።

ዘርፌ ደግሞ ከሁሉ ቀድማ የአንባቢ ደብዳቤ፦
«‹አቃተኝ› ያለች ሴት ሳገኝ ይረጋል» ትላለች፣ «ልቤ።»
ትርሲት ጽሑፉን አትሻም፤ ሥዕሉን ትቀድና
ልጥፍ ከሱቋ ግድግዳ፤ «ቀለም ነው የሰው ጤና።»

ባለፈው ወር አንዱን ገዛሁ፤ ቤቴ ከፍቼ ባየው፣ ጉድ፦
የልክ ወረቀቱ የለም፤ መሐሉ ጭው ያለ መንገድ።
ሰው ወስዶታል ከኔ በፊት። አስናቀን ልራገም፣
ገንዘቤን መልስ ልለው፣ ነጠላዬን ይዤ ስቆም፣
ከገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ፣ ጎበጥ ጎበጥ ባለ
የእጅ ጽሑፍ፣ ባማርኛ፣ እንዲህ የሚል አለ፦

«ይህ ልክ ያጥራል። ሁለት ጣት ጨምሪ።
እኔ አምኜው ከስሬያለሁ፤ አንቺ እንዳትከስሪ።»
ዝቅ ብሎ፦ «አረንጓዴውን ተይው፤ ሲታጠብ ይሸበሸባል።»
ከሥሩም፦ «መብራት ሲሄድ መዘውሩን በእጅ ማዞር ይቻላል።»

ስም የለው፣ ቀን የለው።
ማን ነሽ? የሰንጋተራ ነሽ? የሠራተኛ ሰፈር?
ቤቱ ፈርሶ ዕቃ ሲወጣ፣ መጽሔትሽ በኪሎ ሲሰፈር፣
ልኩን ብቻ በጉያሽ አድርገሽ ሄድሽ? ወይስ… ይቅር።
ያሳተሙት ሊቃውንት ያልነገሩኝን ነገርሽኝ፤
መልኬን እንኳ ሳታውቂው ከኪሳራ አዳንሽኝ።

ትናንት ለአስናቀ መለስኩለት፤ በግማሽ ዋጋ ነው የሚገዛው።
«ገባሽ ወይ?» አለኝ እየሳቀ።
«ጠርዙ ገባኝ፤ መሐሉን ተወው።»
አላየም፣ ከእርሷ እርሳስ ሥር የተጻፈ የኔን እርሳስ፦
«ሦስት ጣት ይሻላል። ቀዩ ሳይቆረጥ በጨው ውኃ ይራስ።»
«መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ» ብዬ ልጨርስ ስል፣
እጄን ያዝኩት።
ጨርቅን የሚያውቅ፣ ጨርቅ ልስልስ ነው አይል።