ሁለት ሚስማርና አንድ አምፖል

በታይዋን ገበያ፣ ከሊበን ሱቅ ደጃፍ፣
አንዲት አምፖል ገዛሁ፣ ሳጥኗ የሌለው ጫፍ።
«ትሰማለች» አለኝ፣ ጫት ባንድ ጉንጩ ሞልቶ፤
«ለሌላ ሺህ ብር ናት፤ ላንቺ ስምንት መቶ።»
የፋርማሲ ደሞዝ ከወር ወር ሳይደርስ
ቤት ብልህ ላደርግ ነው፣ ግድግዳው ሲፈራርስ!

መጀመሪያ ውኃ።
እዚህ ገንደ ቆሬ ውኃ እንደ ሌባ ነው፣
በሦስት ቀን አንዴ፣ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው።
እናቴ ዘጠኝ ዓመት በርሜል ተደግፋ
ወንበር ላይ አድራለች፣ ቧንቧው እስኪያንኮራፋ።
ሁለት ሚስማር ነቀልኩ ከአሮጌው ቁም ሣጥን፤
ከወንድሜ ልጅ መኪና፣ ጎማዋ ካለቀው፣
ጡሩምባዋን ፈታሁ፣
በስልክ ባትሪ አሰርኩ፣
ከበርሜሉ ወለል አጣብቄ ተከልኩ።
ውኃ ሁለቱን ሚስማር ሲያገናኝ ይጮኻል።
ወጪ፦ ለልጁ ካሣ፣ ሁለት ከረሜላ።

የመጀመሪያው ሌሊት እናቴ አልጋ ላይ ተኛች።
ተኛች እንዳልል ግን፣
ዓይኗን አፍጥጣ ጡሩምባ ስትጠብቅ ነጋባት።
«ወንበሩ ይሻል ነበር» አለች።

ቀጥሎ ማራገቢያ፤ ሰው ሳይነካው እንዲነሣ፣
ሙቀቱ ሠላሳ አራት ሲገባ እንዲያገሳ።
ከተቃጠለ የጫጩት መፈልፈያ ቴርሞስታት ነቀልኩ፤ ሠላሳ ብር።
አባቴ ተቆጣ፦ «ሲሞቀኝ ለኔው ሊነግረኝ?»
በሰኔ ድሬ ደግሞ ሙቀት ሌሊትም አይወርድም፤
ስድስት ቀን ሳያርፍ ዞረ፣
የካርድ ቆጣሪው የወር አስቤዛችንን በላ።
ሠላሳ ሰባት ላይ መለስኩት፤ ላባችንን ጠረግን።

አምፖሏን ሰቀልኳት ከአባቴ አልጋ ራስጌ፤
ዓይኑ ደክሟል፣ ማብሪያውም ርቆታል።
ጆሮዋ አሮጌ ስልክ ነው፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ፣
በጅቡቲ በኩል በጨርቅ ተጠቅልሎ የመጣ።
«አብሪ!» አልኳት። ዝም።
ኢፍቱ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ
«ኢብሲ!» አለቻት። ዝም።
ሂቦ ወተት ልታደርስ መጥታ «ሺድ!» አለች፤
«ይቺ ደግሞ የማን ሙሽራ ናት?» ብላ ሄደች።
ከኮሌጅ በቀረኝ እንግሊዝኛ ለመንኳት።
ስምንት መቶ ብር ጣራ ላይ ተንጠልጥሎ
ቁልቁል ያየኛል።

ሌሊት ነው። አባቴ ሊወጣ ተነሥቶ፣
ሙሴ ሀብተየስ፣ የባቡሩ አቴልየ ሰው፣
ጡረታ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ያነሰበት፣
ከየት እንዳመጣው፣
«አሉም ላ ሉሚየር!»

በራች።

ስልኩን ነካካሁት።
ሊበን ለካ ፊቱን ብቻ ቀይሮ
ጆሮውን ረስቶታል፤
ጆሮው ገና ፈረንሳይኛ ነው።

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አያት።
«በዚህ ቋንቋ» አለ፣ «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ታዘዝኩ፤
ቪት፣ ቪት! እየተባልኩ ብሎን አጠበቅኩ።
በዚህ ቋንቋ ሳዝ የመጀመሪያዬ ነሽ።»
ትንሽ ቆየና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ሲል ቩ ፕሌ» ጨመረላት።
ከዚያን ቀን ወዲህ
እሷን ሳይጨምር አዝዟት አያውቅም።

ትናንት ማታ መብራት ሄደ፤
ከለገሃሬ እስከ ሳቢያን አንድ ጥቁር ጨርቅ።
ማራገቢያው ቆመ። አልጋችንን ግቢ አወጣን።
ከውስጥ ያባቴ ድምፅ ይሰማል፣
«አሉም፣ ሲል ቩ ፕሌ»፣
ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣
«ሲል ቩ ፕሌ።»

ያኔ ከጓሮ፣ በሁለት ከረሜላ የተገዛው ጮኸ።
ክብሪት ለኩሼ ስደርስ፣ እናቴ ቀድማኛለች፤
ሁለት ጀሪካን ሞልታ ሦስተኛውን ይዛለች።