ያልታጠበ ፊልም

ፒያሳ ያለውን የአባቴን ፎቶ ቤት
ለጫማ ነጋዴ ባስረከብን ዕለት፣
ሙሽሮች ሲደገፉት ከኖሩት ሸራ ኋላ፣
ከተላላጠው ፏፏቴና ከግማሽ አንበሳ ጥላ፣
አገኘሁ አንድ የኪኒን ጣሳ፣ ክዳኑ በዝገት የተበላ።
በውስጡ አንድ ጥቅል ፊልም፣ ሳይታጠብ የኖረ፤
በእርሳስ «ሰባ» ብሎ ጽፎ፣ ሌላውን የሰወረ።

«አባቴ ሰጠኝ» እላለሁ፤ ስሙ ነው እንጂ ግብሩ አይደለም፤
ለጎንደር ሰው ጉርድ ፎቶ፣ ለቀበሌ፣ ለፓስፖርት፣ ለዓለም
ሲያድል የኖረ ሰው፣ ለእኔ አንድ ወሬ ሰጥቶኝ አያውቅም።

የመታጠቢያ ቤቱን በር በብርድ ልብስ ደፍኜ፣
መድኃኒቱን በሻይ ብርጭቆ መጥኜ፣
በድቅድቁ ቆሜ ደቂቃ ቆጠርሁ በከንፈሬ፤
የእናቴን ፊት ጠበቅሁ፣ የልጅነት ሽሩባዋን። እስከ ዛሬ
አላየኋትም ሳታዝን።

ሃያ ስምንቱን ጉም በላው፤ ስምንቱ ወጣ።
ሰው የለም፣ ሰርግ የለም፤ የመንገድ ጣጣ፦
ከቁስቋም ቁልቁል እንደ ቀሚስ ጥልፍ የተጠማዘዘ፣
ከቀሃ ማዶ ቁልቋል እየታከከ የተጓዘ፣
ከአንገረብ ወዲያ አቀበቱን ሦስት ጊዜ ትቶ ሦስት ጊዜ የያዘ።
ሁሉም እኩርባው ላይ ሲደርስ
ያበቃል፣ እንደ ተዋጠ ቃል ሳይጨረስ።

ተናደድሁ። ፊልም እንደ ጨው በጠፋበት ዘመን
አቧራ ማንሣት ምንድን ነው? ማንን ሊያስደስት? ለማን?

ዜኒት ካሜራውን አንግቤ ወጣሁ ፍለጋ፤
አንዱ ኮብልስቶን ለብሷል፣ ባጃጅ ያቃስትበታል ሲነጋ፤
አንዱ በቆርቆሮ አጥር አንገቱን ተቆርጦ ቀርቷል፤
አንዱ ግን እንዳለ ነው፤ ፍየል ሳይቀር ያውቀዋል።

እዚያ ኩርባ ላይ አያ እንግዳ ተቀምጠዋል፣ ዘንጋቸውን አጋድመው።
ፎቶውን ሰጠኋቸው። አራቁት፣ አቀረቡት፤ ዝም አሉ፣ አዩት ደግመው።
«ሰውማ የለበትም» አልሁ፣ እንደ ማፈር ብዬ።
«አለ እንጂ፤ ኩርባውን ዞሮ ነው የማታዪው። አዬ!
ያን ዓመት ቀጥ ባለው መንገድ የሄደ አልተመለሰም፤
የእናትሽ ወንድም ውባንተም በዚህ ነው የወጣ፤ ሰጠኝ ሸኘ እንጂ አልተከተለም።
ሸኝቶ፣ ቆሞ፣ ከጠፉ በኋላ ያነሣል። ፊት ያስይዛል፤
ጀርባም ያስይዛል። መንገድን ግን ማን ይከሳል?»

ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ተነሡ፤ ዘንጋቸው ድንጋይ እየነካ፣
እርምጃውን እንደ ዕዳ በቆጠረ፣ በለካ
አካሄድ፣ ወጡ።
እኔም ካሜራውን ዓይኔ ላይ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ፣
ኩርባውን ዞረው እስኪጠፉ።
ያን ጊዜ ጣቴን ጫንሁ።